ለቆየ ሞተር ሳይክል አዲስ የፍጥነት ጌጅ፦ አመራረጡ፣ አገጣጠሙና ማስተካከያው

በቆየ ሞተር ላይ ጌጅ የሚቀየረው አብዛኛውን ጊዜ መስታወቱ ሲሰበር፣ ውሃ ሲገባበት ወይም መርፌው አልንቀሳቀስ ሲል ነው። ገበያው ደግሞ 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው፣ በሚያብረቀርቁና ዋጋቸው በማይከብድ ጌጆች ተሞልቷል። ብዙ ሰው ከጎማው ወደ ጌጁ የሚሄደው ገመድ ከገጠመለትና መርፌው ከተነሣለት፣ በቃ ሥራው አለቀ ይላል። ግን ጌጅ የጎማችሁን መጠን አያውቅም። የሚያውቀው ገመዱ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደዞረ፣ ወይም ማግኔቱ ስንት ጊዜ በፊቱ እንዳለፈ ብቻ ነው። ይህን ዙር ወደ ኪሎ ሜትር የሚቀይርበት ቁጥር ከጎማችሁና ገመዱን ከሚያዞረው ጥርስ ጋር ካልተስማማ፣ 60 ላይ እየነዳችሁ 51 ሊያሳያችሁ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሞተሩን ለኩ።

ከግዢ በፊት የሚለካው

በአብዛኞቹ የቆዩ የጃፓን ሞተሮች ላይ ገመዱ የሚነሣው ከፊት ጎማ ነው። ፔርኖው (የጎማው ዘንግ) የሚያልፍበት፣ ከሞዞው (ከቸርኬው መሀል) ጎን የተቀመጠ ትንሽ የጥርስ ቤት አለ፤ ቸርኬው ሲዞር ውስጡ ያለው ጥርስ ገመዱን ያዞራል። በመጀመሪያ ይህ የጥርስ ቤት በሕይወት መኖሩን አረጋግጡ።

የሞተሩን የፊት ክፍል በክሪክ ወይም በጠንካራ ሳጥን ከመሬት አንሡ። ገመዱን ከጌጁ በኩል ፍቱና የውስጠኛው ገመድ ጫፍ ላይ እንደ ባንዲራ የሚታይ ቁራጭ ናስትሮ ለጥፉ። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ አንድ ሰው ጎማውን ወደፊት ቀስ ብሎ ልክ 10 ጊዜ ያዙር፣ ሌላው ባንዲራው ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቁጠር። ባንዲራው አልፎ አልፎ ቆም ብሎ በድንገት ከዘለለ ወይ ገመዱ የሆነ ቦታ ታጥፏል፣ ወይ ጥርሱ ተበልቷል። ገመዱን ከታችም ፍቱትና የጥርስ ቤቱን ብቻውን አዙራችሁ እዩ፤ ጥፋቱ ያኔ ይለያል።

ቀጥሎ የጎማው ዙሪያ ይለካል። ነፋሱን በትክክለኛው ልክ ሙሉና ሞተሩን ሜዳ ላይ አቁሙ። ጎማው መሬት የሚነካበት ነጥብ ላይ ጎማውንም መሬቱንም በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ነጂው ተቀምጦበት ሞተሩ በቀጥታ መስመር ይገፋና ጎማው 3 ሙሉ ዙር ሲጨርስ መሬቱ ላይ እንደገና ምልክት ይደረጋል። ርቀቱን በሜትር ለክታችሁ ለ3 አካፍሉ። ሰው ሳይቀመጥበት መለካት ስህተት ነው፤ ጎማ ክብደት ሲያርፍበት ስለሚረግብ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ያንሳል።

ጎማው ላይ ከተጻፈው መጠን በስሌት የሚገኘው ዙሪያ ለማመሳከሪያ ይጠቅማል። ለ2.75-17 ወደ 1,795 ሚሊ ሜትር፣ ለ2.75-18 ወደ 1,875፣ ለ3.00-18 ወደ 1,915፣ ለ2.75-21 ወደ 2,115፣ ለ90/90-21 ደግሞ ወደ 2,185 ነው። መሬት ላይ የለካችሁት ከዚህ በጥቂት አሥር ሚሊ ሜትሮች ቢያንስ ትክክል ነው። በ100 እና ከዚያ በላይ ከተለያየ ግን ወይ አለካኩ ተሳስቷል፣ ወይ ነፋሱ ጎድሏል።

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች እናገናኝ። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያለ፣ ፊቱ ባለ 21 ኢንች ሞተር ነው እንበል። በ3 ዙር 6.27 ሜትር ሄደ፤ የአንዱ ዙር ርቀት 2.09 ሜትር ነው። ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር ገመዱ 29 ተኩል ጊዜ ዞረ። 2.95 ለ2.09 ሲካፈል 1.41 ይመጣል። ገመዱ በአንድ ሜትር 1.4 ጊዜ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ደግሞ 1,400 ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። ጌጅ ስትገዙ የምትፈልጉት ይህን ቁጥር ነው።

ጌጁ ፊት ላይ ያለው ትንሽ ቁጥር

በጃፓን ጌጆች ፊት ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከታች፣ የላቲኑ ኬ ፊደል ከ1.4 ጋር ወይም 1400 የሚል ቁጥር በደቃቁ ተጽፎ ይገኛል። በጀርመኑ ቪዲኦ (VDO) ኩባንያ ጌጆች ላይ ደብልዩ ፊደል ተጽፎ 1.0 ወይም ሌላ ቁጥር ይከተለዋል፤ እሱም ገመዱ በአንድ ሜትር የሚዞረው ዙር ነው። በእንግሊዙ ስሚዝስ ጌጆች ላይ 1600 የሚል ካያችሁ የማይል ቁጥር ነው፤ በአንድ ማይል 1,600 ዙር ማለት ሲሆን በሜትር 1 ዙር ገደማ ይሆናል። ይህ ቁጥር ያልተጻፈበት ርካሽ ጌጅ ሲያጋጥማችሁ፣ ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ቢልም አትቀበሉ። ለሁሉም የሚሆን የገመድ ጌጅ የለም።

ቁጥሩ ሲሳሳት ምን እንደሚሆን በስሌት ይታያል። ገመዱ በሜትር 1.4 ጊዜ በሚዞርበት ሞተር ላይ ባለ 1.0 ጌጅ ብትገጥሙ፣ በእውነተኛው 60 ላይ 84 ያሳያል። ይህ ቢያንስ ያስጠነቅቃችኋል። አደገኛው ግልባጩ ነው። የባለ 17 ኢንች ቸርኬ የጥርስ ቤት በባለ 21 ኢንች ላይ ሲገጠም ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር ገመዱ 25 ጊዜ ገደማ ብቻ ይዞራል፤ 2.5 ለ2.09 ሲካፈል 1.2 ነው። ባለ 1.4 ጌጅ ያን ጊዜ በ60 ላይ 51 ያሳያል። ነጂው በዝግታ የሚሄድ እየመሰለው ይፈጥናል። የጥርስ ቤት ከሌላ ሞተር ወስዶ «ገጥሟል» ማለት በጣም የተለመደ ስለሆነ፣ ሞተሩን ከሌላ ሰው ከገዛችሁት ዙሩን ሳትቆጥሩ አትለፉ።

ከጎማ ሳይሆን ከማርሽ ቤቱ የሚነሣ ገመድ ያላቸው ሞተሮችም አሉ፤ ከእነዚህ መካከል የቆዩት ቢኤምደብልዩዎች ይገኙበታል። በእነዚህ ላይ የኋላ ጎማው ይለካል። ከማርሽ ቤት ገመድ በሚያወጣ ባለ ካቴና ሞተር ላይ ኮሮና (የኋላው የካቴና ጥርስ) ወይም ፒኞን (የፊቱ) ከተቀየረ ጌጁም አብሮ ይሳሳታል።

አሮጌ ኦሪጅናል ወይስ አዲስ?

የጥርስ ቤቱና የገመዱ መንገድ ጤነኛ ከሆኑ ምርጫችን ቁጥሩ የሚስማማ የገመድ ጌጅ ነው። ባትሪ አይፈልግም፣ ባለ 6 ቮልት ሞተር ላይም ይሠራል፣ ሲበላሽ ደግሞ ምኑ እንደተበላሸ በዓይን ይታያል። መርካቶ ሱማሌ ተራ ካሉት ያገለገሉ ዕቃዎች ውስጥ ኦሪጅናል ካገኛችሁ ከርካሹ አዲስ አታሳንሱት። ስትመርጡ ግን ሁለት ነገር ፈትኑ። ከጀርባው ያለውን ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ በልኩ በሆነ ቀጭን ካቻቪቴ ጫፍ ወይም በቁራጭ ገመድ አዙሩት፤ ያለ ጉርጉርታ መዞር አለበት። ከዚያ በፍጥነት ፈተል አድርጉትና መርፌው ተነሥቶ በለስላሳ ወደ ዜሮ መመለሱን እዩ። መሀል ላይ የሚቆም መርፌ ውስጡ ቆሽሿል፣ ወይም እንደ ፀጉር የቀጠነችው ሞላ ተጎድታለች።

በቤታችሁ በባትሪ የሚሠራ ትራፓኖ ካለ ጌጁን ሞተር ላይ ሳትሰቅሉ መፈተን ትችላላችሁ። በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ በአንድ ደቂቃ ልክ አንድ ኪሎ ሜትር ይኬዳል። ስለዚህ ባለ 1.4 ጌጅ በደቂቃ 1,400 ዙር ሲያገኝ 60፣ 700 ሲያገኝ 30 ማሳየት አለበት። ባለ 1.0 ከሆነ 1,000 ዙር 60 ይሆናል። ብዙ ትራፓኖዎች በሁለተኛው ማርሽ ያለ ጭነት ወደ 1,400 ወይም 1,500 ዙር ይሰጣሉ፤ ትክክለኛው ቁጥር ትራፓኖው ላይ ተጽፏል። አዟዟሩ ጎማው ወደፊት ሲሄድ ገመዱ በሚዞርበት አቅጣጫ ይሁን፤ በተቃራኒው ከሆነ መርፌው አይነሣም።

የጥርስ ቤቱ ከሞተና ምትክ ከጠፋ፣ ወይም ቸርኬው ከሌላ ሞተር የመጣ ከሆነ ወደ ዲጂታሉ ሂዱ። ዲጂታል ጌጅ የጎማውን ዙሪያ በሚሊ ሜትር ስለሚቀበል ለየትኛውም ቸርኬ ይስማማል። ስትገዙ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ዙሪያው በሚሊ ሜትር ይገባል ወይስ ከተዘጋጀ ዝርዝር ብቻ ይመረጣል? በአንድ ዙር የሚቆጠረው የማግኔት ብዛት ይስተካከላል ወይ? ዝናብ ይችላል ወይ? የመጀመሪያው መልስ «ከዝርዝር» ከሆነ ተዉት።

የገመዱን ጌጅ መግጠም

አሮጌውን ከመፍታታችሁ በፊት የተጓዘውን ኪሎ ሜትር በስልክ ፎቶ አንሱና ከቀኑ ጋር ጻፉት። የዘይት ለውጥም ሆነ ሞተሩን የሚገዛችሁ ሰው ይህን ይፈልጋል።

የገመዱ የውስጥ ክፍል ርዝመት ወሳኝ ነው። የገመዱ ዳዶ በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ገብቶ መጥበቅ አለበት። መሀል ላይ ከቆመ የውስጡ ገመድ ካሬ ቀዳዳው ውስጥ አልገባም ወይም ረዝሟል። በፒንሳ አስገድዳችሁ ብታጠብቁት የረዘመው ገመድ የጌጁን ዘንግ ወደ ላይ ገፍቶ ውስጡን ይበላዋል፤ ብዙ አዲስ ጌጅ በሳምንቱ የሚጮኸውና የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ግራሶ የሚቀባው የውስጡ ገመድ የታችኛው ሁለት ሦስተኛ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም በስሱ። የላይኛው ሦስተኛ ላይ ከተቀባ ገመዱ እየዞረ ግራሶውን እንደ ብሎን ወደ ላይ ይወስደዋል፤ ጌጁ ውስጥ ይገባና መርፌውን ያጣብቀዋል።

ጎማውን መልሳችሁ ስትገጥሙ በጥንቃቄ የሚታይ ቦታ አለ። የጥርስ ቤቱ ውስጥ ሁለት ትናንሽ ጆሮዎች አሉ፤ ሞዞው ላይ ባሉት ሁለት ጎድጓዶች ውስጥ መግባት አለባቸው። ከውጭ በኩል ደግሞ የጥርስ ቤቱ አካል ላይ ያለው ጉብታ ከሹካው ጋር ተያይዞ የጥርስ ቤቱ እንዳይዞር ይይዘዋል። ጆሮዎቹ ጎድጓዱ ውስጥ ሳይገቡ የፔርኖው ዳዶ ከጠበቀ ታጥፈው ይሰበራሉ፣ ምትኩም በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ዳዶውን ሳታጠብቁ ጎማውን በእጅ አዙሩ፤ የናስትሮው ባንዲራ ከዞረ ብቻ አጥብቁ።

የገመዱ መንገድ ሰፊ ቅስት ይኑረው። መሪው ወደ ሁለቱም ጫፍ ሲዞርና ሹካው ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ገመዱ መወጠርም መታጠፍም የለበትም።

መርፌው ለምን ይሳሳታል?

የገመድ ጌጅ ውስጥ ገመዱ ማግኔት ያዞራል፤ ማግኔቱ በአሉሚኒየም ስኒ ውስጥ ሳይነካው ይሽከረከራል። ሽክርክሪቱ ስኒው ላይ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጥርና ስኒውን ይጎትተዋል፤ ቀጭኗ ሞላ ደግሞ ትመልሰዋለች። መርፌው የተሰካው ስኒው ላይ ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ በጥርስ ብቻ ነው የሚሠራው።

የማስተካከሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በስልክ ጂፒኤስ 10 ኪሎ ሜትር ሂዱና ቆጣሪው ስንት እንደጨመረ አመሳክሩ። ከዚያ ፍጥነቱን በ30፣ በ50 እና በ70 ላይ አመሳክሩ። በእያንዳንዱ ፍጥነት ቢያንስ 20 ሰከንድ ሳትለዋውጡ ቆዩ፤ የስልክ ጂፒኤስ ትንሽ ዘግይቶ ስለሚከተል። ቁጥሩን ከኋላ የተቀመጠ ሰው ይጻፈው፤ ነጂው ዓይኑን ከመንገድ አያንሣ።

ቆጣሪውም መርፌውም በተመሳሳይ መጠን ከተሳሳቱ ጥፋቱ የጥርሱና የጎማው ቁጥር ነው፤ ጌጁን አትክፈቱት። ቁጥሩ የሚስማማ ጌጅ ወይም ትክክለኛው የጥርስ ቤት ይፈለግ። በገመዱና በጌጁ መካከል የሚገባ ዙር ቀያሪ የጥርስ ሳጥንም አለ፤ ከተገኘ ይሠራል።

ቆጣሪው ትክክል ሆኖ መርፌው ብቻ እየቀነሰ ካሳየና ስህተቱ ከፍጥነቱ ጋር እያደገ ከሄደ ማግኔቱ በዕድሜ ደክሟል። ይህን በቤት ውስጥ ማከም አይቻልም፤ ማግኔት የሚያድስ ባለሙያ ይፈልጋል።

መርፌው በሁሉም ፍጥነት እኩል፣ ለምሳሌ 5 ከፍ ብሎ ካሳየ የተሰካበት ቦታ ነው የተሳሳተው። ጌጁን ክፈቱ፣ በሁለት የሻይ ማንኪያ ከሁለት በኩል ቀስ ብላችሁ መርፌውን ከዘንጉ አንሡ። መልሳችሁ ስትሰኩት ዜሮ ላይ አትሰኩት፤ ዜሮው ላይ ያለችው ትንሽ ማቆሚያ ሞላዋ ምን ያህል እንደተወጠረች ትደብቃለች። ጌጁን በትራፓኖ በታወቀ ዙር እያዞራችሁ መርፌውን በሚገባው ቁጥር፣ ለምሳሌ ባለ 1.4 ከሆነ በ1,400 ዙር 60 ላይ፣ ስኩት።

መርፌው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጌጁን አትውቀሱ። ማግኔቱና ስኒው ስለማይነካኩ መንቀጥቀጡ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የሚመጣው ከደረቀ ወይም ከታጠፈ ገመድ ነው።

ዲጂታሉን መግጠም

አብዛኞቹ ዲጂታል ጌጆች 12 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ይፈልጋሉ። ብዙ የቆዩ ሞተሮች ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ አንዳንዶቹም መብራታቸውን ከማመንጫው በተለዋዋጭ ጅረት ያገኛሉ። ከተለዋዋጭ ጅረት መስመር ጋር ጌጅ ማገናኘት ጌጁን ማቃጠል ነው። ባለ 12 ቮልቱም ቢሆን ይፈተን፤ ሞተሩ በ4,000 ዙር ገደማ ሲሠራ ቴስተሩ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየት አለበት። ከ15 ካለፈ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ሳይቀየር ጌጁን አታገናኙ።

የሽቦ ቀለም ሰውን የሚያሳስት ቦታ ነው። ያማሃ ላይ ቡናማው ቁልፍ ሲከፈት የሚመጣው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጋቲቭ ነው። ሆንዳ ላይ ግን ጥቁሩ ፖዘቲቭ፣ አረንጓዴው ኔጋቲቭ ነው። ሱዙኪ ላይ ብርቱካናማው ፖዘቲቭ፣ ነጭ መስመር ያለው ጥቁር ኔጋቲቭ። የጌጁ ጥቁር ሽቦ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኔጋቲቭ ስለሆነ፣ ሆንዳ ላይ ጥቁርን ከጥቁር ያገናኘ ሰው ፊውዝ ሊያቃጥል ይችላል። ከማገናኘታችሁ በፊት እያንዳንዱን በቴስተር አረጋግጡ፤ መስመሩ ላይም ባለ 1 አምፔር ፊውዝ አስገቡ።

የፍሬቻ ምልክት ሌላ ወጥመድ አለው። ብዙ የቆዩ ሞተሮች ለግራም ለቀኝም አንድ አምፖል ብቻ አላቸው፤ አምፖሉ በግራና በቀኝ መስመሮች መካከል ይገናኛል። አዲሱ ጌጅ አንድ የፍሬቻ ሽቦ ብቻ ካለው ሁለቱን መስመሮች በቀጥታ አንድ ላይ ካሰራችኋቸው አራቱም ፍሬቻዎች አብረው ይበራሉ። መፍትሔው ጅረትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት 1ኤን4007 ዳዮዶች ናቸው፤ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ፣ ነጩ መስመር ያለበት ጫፋቸው ወደ ጌጁ ዞሮ።

ዲጂታሉ ፍጥነቱን የሚያውቀው ቸርኬው ላይ የሚታሰር ማግኔት በሴንሰሩ፣ ማለትም ማግኔቱን በሚቆጥረው ትንሽ ዕቃ፣ ፊት ሲያልፍ ነው። ማግኔቱ ወደ ሞዞው በቀረበ ቦታ ይሁን፤ ወደ መሀል በቀረበ ቁጥር በሴንሰሩ ፊት የሚያልፍበት ፍጥነት ይቀንሳል፣ በከፍተኛ ፍጥነትም አይዘለልም። ሴንሰሩ የሚታሰረው ከጎማው ጋር አብሮ በሚወርድና በሚወጣው የሹካ ክፍል ላይ ነው። ክፍተቱን ማኑዋሉ ካልነገራችሁ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጀምሩ። ጎማውን በእጅ ስታዞሩ ማግኔቱ ሴንሰሩን ፈጽሞ እንዳይነካ።

ከዚያ ዙሪያውን አስገቡ። በምሳሌያችን 2090 ነው። ሴንሰሩ ማግኔት ሳይሆን የፍሬን ዲስኩን 6 ቡሎኖች የሚቆጥር ከሆነ ብዛቱ 6 ይባላል። ጌጁ ብዛት የማይቀበል ከሆነ ዙሪያውን ለ6 አካፍሉና 348 ብላችሁ አስገቡ፤ ውጤቱ አንድ ነው።

የመንገድ ማስተካከያው ቀላል ስሌት ነው፤ ያስገባችሁት ዙሪያ በጂፒኤሱ ፍጥነት ይባዛና ጌጁ ባሳየው ይካፈላል። ጂፒኤሱ 60 ሲል ጌጁ 61 ካለ፣ 2,090 በ60 ተባዝቶ ለ61 ሲካፈል 2,056 ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ አማካዩን ውሰዱ። አንድ ጊዜ ብቻ ለክታችሁ አትለውጡ።

ለማመሳከሪያ፣ የተባበሩት መንግሥታት 39ኛው የተሽከርካሪ ደንብ ጌጅ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዲያሳይ አይፈቅድም፤ ለአዲስ ዓይነት ማጽደቂያ ፍተሻ ከፍ ሊል የሚችለውም በእውነተኛው ፍጥነት አሥር በመቶ ላይ 4 ኪሎ ሜትር ሲደመር ነው። በ60 ላይ ከ60 እስከ 70 ማለት ነው። በእኛ ግምት ጌጁ በ60 ላይ 61 ወይም 62 ቢያሳይ ጥሩ ነው፤ 59 እንዲያሳይ ግን አትተዉት።

ዲጂታሉ ቆሞ እያለ ቁጥር የሚያሳይ ወይም ጋዝ ሲሰጠው የሚዘልል ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካንዴላው ነው። የካንዴላው ብልጭታ የሚረጨው ሞገድ ሴንሰሩን ያደናግረዋል። ውስጡ ሬዚስተር ያለው ካንዴላ፣ ለምሳሌ በኤንጂኬ ስም ውስጥ የላቲኑ አር ፊደል የገባበት ተመሳሳይ ቁጥር፣ ወይም ባለ 5 ኪሎ ኦም የካንዴላ ኮፍያ ግጠሙ፤ የሴንሰሩንም ሽቦ ከካንዴላው ሽቦ በሌላ ጎን አሳልፉ። በዝግታ ስትነዱ እየሠራ ስትፈጥኑ ወደ ዜሮ የሚወርድ ከሆነ ክፍተቱ ሰፍቷል። ልክ የግማሽ ፍጥነት የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ ከሁለት ማግኔት አንዱ ወድቋል ወይም ብዛቱ በስህተት ገብቷል።

የፊት ጎማውን ከ2.75-21 ወደ 90/90-21 ከቀየራችሁ ዙሪያው በ3 በመቶ ስለሚያድግ፣ ጌጁ በዚያው መጠን ዝቅ ብሎ ማሳየት ይጀምራል። ጠመኔውን እንደገና አውጡና 3 ዙር ለኩ።